ኢስትሮጅን ያለበት ወይስ የሌለበት? የእርግዝና መከላከያና የሆርሞን መድኃኒት ለመምረጥ የሚረዳ ንጽጽር

ጎንደር ውስጥ አንዲት ሴት የእርግዝና መከላከያ ልትጀምር ጤና ጣቢያ ስትገባ የመጀመሪያው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ክኒን፣ መርፌ ወይስ በክንድ የሚቀበረው?» የሚል ነው። ከዚህ ጥያቄ በፊት መመለስ ያለበት ሌላ አለ፦ ኢስትሮጅን ብትወስድ ይስማማታል ወይስ አይስማማትም? መከላከያዎቹ የሚለያዩት በአወሳሰዳቸው ብቻ ሳይሆን በውስጣቸው ባለው ሆርሞንም ነው። ይህ ከታወቀ በኋላ የሚቀረው የደም ሁኔታ፣ የጊዜና የኑሮ ጉዳይ ነው።

ሁለቱ ሆርሞኖች

በወሩ ዑደት ቀድሞ የሚነሳው ኢስትሮጅን ነው። የወር አበባ ከመጣበት ቀን ጀምሮ እንቁላል የያዘው ከረጢት እያደገ ኢስትሮጅን ያመነጫል፤ የማህፀን የውስጥ ሽፋንም በዚሁ ይወፍራል። እንቁላሉ ከወጣ በኋላ የቀረው ከረጢት ፕሮጄስትሮን ማምረት ይጀምራል። ፕሮጄስትሮን የሽፋኑን እድገት ገትቶ ለጽንስ ያመቻቸዋል። ጽንስ ካልተፈጠረ ከ14 ቀን ገደማ በኋላ ሁለቱም ይወርዳሉ፤ ሽፋኑ ይፈርሳል፤ የወር አበባ ይመጣል። ዑደቷ 28 ቀን የሆነች ሴት እንቁላሏ በ14ኛው ቀን ገደማ፣ 35 ቀን የሆነች ደግሞ በ21ኛው ቀን ገደማ ይወጣል። በብዛት የሚረዝመውና የሚያጥረው የመጀመሪያው ክፍል ነው።

በመከላከያ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው ፕሮጄስቲን ነው (በፋብሪካ የተሠራው የፕሮጄስትሮን አምሳያ)። የማህፀን በር ፈሳሽን አወፍሮ የወንዱን ዘር ያግዳል፤ መጠኑ በቂ ሲሆንም እንቁላል እንዳይወጣ ይከለክላል። ኢስትሮጅን ሲጨመርበት የእንቁላሉን እድገት ያዳክማል፤ ከሁሉ በላይ ግን የማህፀኑን ሽፋን አጽንቶ ደሙ በቀኑ እንዲመጣ ያደርጋል። ስለዚህ «ኢስትሮጅን የሌለበት ደካማ ነው» የሚባለው ልክ አይደለም። በክንድ የሚቀበረው አንድም ኢስትሮጅን የለበትም፤ ሆኖም ከ1,000 ተጠቃሚዎች በዓመት የሚያረግዙት 1 ገደማ ብቻ ናቸው። ኢስትሮጅን ያለበትን ድብልቅ ክኒን በተለመደው አወሳሰድ ከሚወስዱ 100 ሴቶች 7 ያህሉ፣ የሦስት ወሩን መርፌ ከሚወጉ 100 ደግሞ 4 ያህሉ በመጀመሪያው ዓመት ያረግዛሉ። ልዩነቱ የሚመጣው ከመርሳትና ከመዘግየት ነው።

የትኛው ውስጥ ምን አለ

ኢስትሮጅን ያለበት ድብልቅ ክኒኑ ነው። የተለመደው ሊቮኖርጀስትሬል 0.15 ሚሊ ግራም እና ኢቲኒል ኢስትራዳዮል 0.03 ሚሊ ግራም ይዟል። 28 ክኒን ባለው እሽግ ውስጥ 21ዱ ሆርሞን አላቸው፤ ቀለማቸው የተለየው 7ቱ የብረት ክኒኖች ናቸው። ከፋርማሲ የተገዛ እሽግ የቱ እንደሆነ ካልታወቀ ጀርባውን ማንበብ ነው፦ «ኢስትራዳዮል» የሚል ቃል ካለበት ኢስትሮጅን አለበት።

ፕሮጄስቲን ብቻ ያላቸው ደግሞ እነዚህ ናቸው፦ ለሚያጠቡ እናቶች የሚሰጠው ክኒን፣ የሦስት ወሩ መርፌ (ዴፖ ፕሮቬራ፣ 150 ሚሊ ግራም)፣ በክንድ የሚቀበሩት ባለ አንድ ዘንጉ ኢምፕላኖን (68 ሚሊ ግራም፣ ለ3 ዓመት)፣ እና ባለ ሁለት ዘንጉ ጃዴል (እያንዳንዱ 75 ሚሊ ግራም፣ ለ5 ዓመት)፣ እንዲሁም በ72 ሰዓት ውስጥ የሚወሰደው የድንገተኛ ክኒን። ማህፀን ውስጥ የሚቀመጠው የመዳብ ሉፕ ምንም ሆርሞን የለውም፤ ቢያንስ 10 ዓመት ያገለግላል። የወር አበባዋ ከወትሮውም ብዙ የሚፈስ ወይም የደም ማነስ ያለባት ሴት ግን ሉፑ ደሙን ሊያበዛባት እንደሚችል አውቃ ትግባበት።

ከእነዚህ አንዱን ለመጀመር የሆርሞን የደም ምርመራ አያስፈልግም። ጤነኛ ሴት መከላከያ ለመምረጥ ብላ ለኢስትሮጅንና ለፕሮጄስትሮን ልኬት ብር ብታወጣ የምታገኘው ቁጥር ምርጫዋን አይለውጥም። የሚለውጠው የደም ግፊት መለኪያው ነው። እሱ ሳይታሰር ድብልቅ ክኒን ከተሰጠዎ ራስዎ ይጠይቁ።

ኢስትሮጅን የማይስማማቸው

ኢስትሮጅን በጉበት በኩል የደም ማርጊያ ንጥረ ነገሮችን ያበዛል፤ በአንዳንድ ሴቶች ላይም ግፊት ይጨምራል። የክልከላው መነሻ ይኸው ነው።

ግፊቷ 140/90 እና ከዚያ በላይ የሆነች ሴት ድብልቅ ክኒኑን ትታ ሌላ ትምረጥ፤ 160/100 ከደረሰ ጭራሽ አይሰጥም። በዚህ ደረጃ ላይ የሦስት ወሩ መርፌም፣ ኢስትሮጅን ባይኖረውም፣ አይመከርም፤ በክንድ የሚቀበረው ይሻላል። በእግሯ ወይም በሳንባዋ ደም ረግቶባት የሚያውቅ፣ ስትሮክ የመታት፣ ከባድ የጉበት ሕመም ያለባት፣ 35 ዓመት አልፏት ሲጋራ የምታጨስ ሴትም ኢስትሮጅን አትነካም። የሲጋራው ጥያቄ በእኛ ዘንድ እንደ ስድብ ስለሚታይ ባለሙያው ያልፈዋል፤ ሴቲቱም ትደብቀዋለች። ቢጠየቅና ቢመለስ ይሻላል።

ማይግሬን ሁሉ አንድ አይደለም። ራስ ምታቱ ከመጀመሩ በፊት ዓይኗ ላይ የሚብለጨለጭ መስመር የሚመጣባት፣ የማየት ክፍሏ የሚጨልምባት ወይም እጇና ፊቷ በአንድ ወገን የሚደነዝዛት ሴት ለስትሮክ የበለጠ ስለተጋለጠች ኢስትሮጅን ፈጽሞ አይሰጣትም። ይህ ሁሉ የሌለበት ማይግሬን ያላትና ዕድሜዋ ከ35 በታች የሆነ ግን በክትትል ልትወስድ ትችላለች። «ራሴን ያመኛል» ብሎ ማለፍ ስለዚህ አይበቃም፤ ሕመሙ እንዴት እንደሚጀምር ይንገሩ።

በልጅነት ከደረሰ የጉሮሮ ሕመም በኋላ የልብ ቫልቭ የተጎዳባቸው ሴቶች በአገራችን ጥቂት አይደሉም። ቫልቩ ጠቦ የልብ ምቱ የተዛባ ወይም የሳንባ ደም ግፊት የጨመረባት ሴት ኢስትሮጅን አይፈቀድላትም፤ እርግዝናው ራሱ ለሕይወቷ አደገኛ ስለሆነ ደግሞ በመርሳት የማይበላሽ መከላከያ ያስፈልጋታል። እንዲህ ላለችው የክንዱ ይቀድማል፤ ምርጫውም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የልብ ክትትል ከሚያደርግላት ሐኪም ጋር ቢወሰን ደግ ነው። የጡት ካንሰር ያለባት ሴት ሁለቱንም ሆርሞን አትወስድም፤ ለእሷ የመዳብ ሉፑ ነው።

ለአራስ እናት ቀን መቁጠር ያስፈልጋል። የምታጠባ ከሆነ እስከ 6 ሳምንት ኢስትሮጅን ክልክል ነው፤ እስከ 6 ወርም አይመከርም፤ ወተቱን ሊቀንስ ይችላል። ፕሮጄስቲን ብቻ ያለው ክኒንና የክንዱ ግን ከወለደች ጀምሮ ሊሰጧት ይችላሉ። የሦስት ወሩ መርፌ ለምታጠባ እናት የሚጀመረው ከ6 ሳምንት በኋላ ነው። 6 ሳምንት 42 ቀን ነው፤ ሕፃኑ ለ45 ቀን ክትባቱ ማራኪም ሆነ አዘዞ ጤና ጣቢያ ሲመጣ እናትየው መርፌዋን በዚያው ጉዞ መወጋት ትችላለች። የወንዱ ክርስትና በ40 ቀን፣ ከ6 ሳምንቱ ቀድሞ፣ ስለሚውል በዚያ ቀን መርፌ እንዳትሻ፤ የሴቷን 80 ቀን ልጠብቅ ማለት ደግሞ፣ ጡት ብቻ ለማታጠባ እናት፣ እርግዝና ላይ ሊጥል ይችላል።

ሌሎች መድኃኒቶች

የቲቢ መድኃኒት የሆነው ሪፋምፒሲን፣ ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ጉበት ሆርሞኑን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋሉ። ድብልቁም የሚያጠቡት እናቶች ክኒንም ይደክማሉ፤ የክንዱም በመጠኑ ይነካል። የሦስት ወሩ መርፌ መጠኑ ከፍ ያለ ስለሆነ አይነካም። ለፌኖባርቢታል ተጠቃሚ ስለዚህ መርፌው ወይም የመዳብ ሉፑ ይመረጣል። የኤችአይቪ መድኃኒቷ ዶሉቴግራቪር የሆነ ሴት ማንኛውንም መከላከያ መጠቀም ትችላለች፤ ኢፋቪሬንዝ ላይ ያለች ግን የክንዱ አስተማማኝነት እንደሚቀንስ ታውቅ። ሪፋምፒሲን ወይም ኢፋቪሬንዝ የምትወስድ ሴት የድንገተኛ ክኒን ካስፈለጋት መጠኑ በእጥፍ፣ ማለትም 3 ሚሊ ግራም ይሆናል።

ኢስትሮጅን የማይከለከልባት ከምን ትመርጥ?

ከዚህ በኋላ የሚለየው ደሙ ነው። ድብልቅ ክኒን የወር አበባን በቀኑ ያመጣል፣ ያሳጥራል፣ ቁርጠቱንም ይቀንሳል። የወር አበባዋ የሚያንገላታት፣ ክኒን በሰዓቱ መዋጥ የማያስቸግራት፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ልጅ የምትፈልግ ሴት ብትመርጠው ይመቻታል፤ ካቆመች ማርገዝ ወዲያው ይመለሳል።

የሦስት ወሩ መርፌ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያልተጠበቀ ነጠብጣብ ደም ያመጣል፤ ከዓመት በኋላ ግማሽ በሚሆኑት ላይ የወር አበባው ጨርሶ ይቀራል። «ደሙ ውስጥ ይጠራቀማል» የሚለው ፍርሃት እዚህ ላይ ይነሳል። የሚጠራቀም የለም፤ ፕሮጄስቲኑ ሽፋኑ እንዳይወፍር ስለሚያደርግ የሚፈርስ ነገር አይኖርም። የመርፌው እውነተኛ ችግር ሌላ ነው፦ ካቆሙ በኋላ ለማርገዝ ከሌሎቹ በአማካይ 4 ወር ያህል የበለጠ ያስጠብቃል። አዲስ ሙሽራ «ለትንሽ ጊዜ ነው» ብላ መርፌ ከምትጀምር ክኒኑን ወይም የክንዱን ብትይዝ ይሻላታል። ክብደትም በዓመት ከ1 እስከ 2 ኪሎ ሊጨምር ይችላል።

የቀጠሮው አቆጣጠር 13 ሳምንት ነው። የእኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ መስከረም 10 የተወጋች ታኅሣሥ 10 ብትመጣ 90 ቀን ይሆናታል፤ ከልኩ በ1 ቀን ብቻ ይቀድማል። ጳጉሜን ሲገባበት ግን ሐምሌ 5 የተወጋች ጥቅምት 5 ስትመጣ 95 ቀን ይሞላታል። እስከ 4 ሳምንት ብትዘገይም ስለሚሰጣት አትደንግጥ፤ ከዚያ ካለፈ እርግዝና አለመኖሩ ይጣራል፤ ከተወጋች በኋላም ለ7 ቀን ኮንዶም ትጠቀማለች። የተወጉበትን ቦታ ማሸት አይገባም፤ መድኃኒቱ ቶሎ ወደ ደም ገብቶ ቶሎ ያልቃል። ለሰሊጥ ሥራ ወደ መተማ ለወራት የምትወርድ ሴት የክንዱን ብትመርጥ ቀጠሮ አይቸግራትም።

የክንዱ የሚቀበረው በማትሠራበት እጇ የላይኛው ክንድ ውስጠኛ በኩል፣ ልክ ቆዳው ሥር ነው። ከገባ በኋላ ባለሙያውም እርስዎም በጣት መዳሰስ አለባችሁ፤ ካልተዳሰሰ በአልትራሳውንድ እስኪገኝ ድረስ ኮንዶም ያስፈልጋል። ወደ ልብ ይሄዳል የሚባለው ብዙ ሴት ያስፈራል፤ በትክክል ቆዳ ሥር የተቀመጠ ከቦታው አይሄድም። አስቸጋሪው ማውጣቱ ነው፦ በጥልቀት የገባ እንደሆነ ለማውጣት የሠለጠነ እጅ ይፈልጋል። ከማስገባትዎ በፊት የት እንደሚወጣ ይጠይቁ፤ ካርዱን አይጣሉ።

የክንዱ ዋና ቅሬታ የማያቋርጥ ነጠብጣብ ደም ነው፤ አንዳንዶች በዚህ ምክንያት ጊዜው ሳይደርስ ያስወጡታል። ከማስወጣት በፊት አይቡፕሮፌን 800 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ ከምግብ በኋላ ለ5 ቀን ይሞከራል (የጨጓራ ቁስል ወይም የኩላሊት ሕመም ለሌላት)። ኢስትሮጅን የማይከለከልባት ሴት ደግሞ ድብልቅ ክኒኑን በቀን 1 ለ21 ቀን ብትወስድ ደሙ ብዙውን ጊዜ ይቆማል። ከላይ የተጠቀሰው የኢስትሮጅን ሽፋን የማጽናት ሥራ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል። ይህን ሳትሞክር «ይውጣልኝ» ለምትል ሴት የትኛውም ጤና ጣቢያ እምቢ ማለት አይችልም፤ መብቷ ነው።

ክኒን ሲረሳና ሲዘገይ

ድብልቁን 1 ወይም 2 ቀን የረሳች እንዳስታወሰች 1 ክኒን ውጣ በነበረው ትቀጥል፤ ተጨማሪ አያስፈልግም። በተከታታይ 3 እና ከዚያ በላይ ከረሳች 1 ውጣ ለ7 ቀን ኮንዶም ትጠቀም፤ የረሳችው በሦስተኛው ሳምንት ከሆነ 7ቱን የብረት ክኒኖች ዘላ በቀጥታ አዲስ እሽግ ትጀምር። የብረቶቹን መርሳት ምንም አያመጣም። በዋጠች በ2 ሰዓት ውስጥ ካስመለሳት ሌላ ትዋጥ።

የሚያጠቡ እናቶች ክኒን ግን ጥብቅ ነው። ሊቮኖርጀስትሬል ብቻ ያለው 0.03 ሚሊ ግራም ክኒን የሚሠራው በዋናነት የማህፀን በር ፈሳሹን በማወፈር ስለሆነ 3 ሰዓት ሲያልፍ ይላላል። ማታ 2 ሰዓት የምትውጥ ሴት 5 ሰዓት ካለፈባት ዘግይታለች፤ ውጣ ለ2 ቀን ትጠንቀቅ። እረፍት የሚባል ሳምንትም የለውም። የምትጾም ሴት ከማታው ማዕድ ጋር ብታያይዘው ይቀላታል፤ በረመዳንም ከአፍጥር በኋላ እንዲሁ። ጠዋት ያደረገችው ግን ቅዳሴ እስኪወጣ ስትጠብቅ ሰዓቱ ያመልጣታል።

ለጥምቀት ወር አበባን ማዘግየት

ጥምቀት ሲቃረብ ከሚነሱት ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው፤ ለሐጅና ለሠርግም እንዲሁ። ሁለት አማራጭ አለ። ድብልቅ ክኒን ላይ ያለች ሴት 7ቱን የብረት ክኒኖች ትታ አዲስ እሽግ መቀጠል ነው፤ ከዚህ የሚቀል የለም። ክኒን የማትወስድ ደግሞ ኖሬቲስቴሮን 5 ሚሊ ግራም በቀን 3 ጊዜ፣ የወር አበባዋ ይመጣል ከምትልበት 3 ቀን ቀድማ ትጀምራለች። ለከተራ ጥር 10 የምትጠብቅ ጥር 7 ትጀምራለች፤ ጥር 12 ካቆመች ከ2 እስከ 3 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ይመጣል። ደሙ ከጀመረ በኋላ መዋጥ ግን አይረባም፤ ብዙው ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ኖሬቲስቴሮን ፕሮጄስቲን ነው፤ ሆኖም በዚህ መጠን ሲወሰድ ሰውነት ከፊሉን ወደ ኢቲኒል ኢስትራዳዮል ይቀይረዋል። ደም ረግቶባት የሚያውቅ ሴት «ኢስትሮጅን የለበትም» ተብላ ከጎረቤት ተቀብላ እንዳትውጥ። እርግዝናም አይከላከልም።

በእርግዝና ጊዜ

«ማቆያ» እየተባለ ፕሮጄስትሮን ደም ላየች እርጉዝ ሁሉ አይሰጥም። ጥቅሙ የታየው ቀድሞ ያስወረዳት ሴት በአሁኑ እርግዝና መጀመሪያ ደም ስታይና ጽንሱ በማህፀን ውስጥ መሆኑ በአልትራሳውንድ ሲረጋገጥ ነው፤ በብልት የሚገባ 400 ሚሊ ግራም በቀን 2 ጊዜ እስከ 16 ሳምንት። የማህፀን በሯ አጥሮ 25 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ለሆነባት ደግሞ ማታ ማታ 200 ሚሊ ግራም ያለ ጊዜ መውለድን ይቀንሳል።

ከማረጥ በኋላ

እዚህ ምርጫው ይገለበጣል። ሙቀት ሽቅብ እያለ፣ ሌሊት በላብ እያጠመቀ እንቅልፍ የሚነሳውን የሚያስታግሰው ኢስትሮጅን ነው፤ ፕሮጄስትሮን የሚጨመረው ማህፀንን ለመጠበቅ ነው። ማህፀን ያላት ሴት ኢስትሮጅንን ብቻውን ብትወስድ ሽፋኑ ያለ ገደብ ወፍሮ ወደ ካንሰር ሊያመራ ይችላል። ስለዚህ ኢስትራዳዮል ከ1 እስከ 2 ሚሊ ግራም በየቀኑ ከወሰደች ፕሮጄስትሮን 100 ሚሊ ግራም ማታ ማታ፣ ወይም በየወሩ ከ12 እስከ 14 ሌሊት 200 ሚሊ ግራም ታክላለች። እንቅልፍ ስለሚያመጣ ማታ መሆኑ ይጠቅማል። ማህፀኗ ወደ ውጭ ወጥቶ በቀዶ ሕክምና የተወገደላት ኢስትሮጅን ብቻ ይበቃታል፤ ፕሮጄስትሮን ለእሷ ትርፍ ነው።

ትርፍነቱ ዋጋ አለው። በአሜሪካ በ2002 የተቋረጠው ትልቅ ጥናት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን አብረው ሲወሰዱ የጡት ካንሰር መጨመሩን አሳየ፤ ማህፀን በሌላቸው ሴቶች ላይ ኢስትሮጅን ብቻውን ሲሰጥ ግን ይህ አልታየም፣ በ2004 የተቋረጠው በስትሮክ ምክንያት ነው። የተሳታፊዎቹ አማካይ ዕድሜ 63 ስለነበር ውጤቱ ለ50 ዓመት ሴት እንዳለ አይገለበጥም። ዛሬ የሚመከረው ከ60 ዓመት በፊት ወይም ካረጡ በ10 ዓመት ውስጥ መጀመር ነው። ድርቀትና በግንኙነት ጊዜ ሕመም ብቻ ላለባት በብልት የሚቀባ አነስተኛ መጠን ያለው ኢስትሮጅን ይበቃል፤ ፕሮጄስትሮንም አይጠይቅም። የመከላከያ ክኒንን ለዚህ ማዋል አይገባም፤ የኢስትሮጅን ኃይሉ ለማረጥ ከሚሰጠው በጣም ይበልጣል።

በሁለቱም እግር ሳይሆን በአንዱ ባት ላይ የሚያሳብጥ ሕመም፣ የደረት ውጋት፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን ቢጫ መሆን፦ ኢስትሮጅን የምትወስድ ሴት በየትኛውም ዕድሜ ከእነዚህ አንዱ ከታየባት መድኃኒቱን አቁማ በዚያው ቀን ሆስፒታል ትሂድ። የወር አበባዋ ከቆመ 12 ወር ያለፋት ሴት ደግሞ ጠብታ ደም እንኳ ብታይ «ተመለሰልኝ» ብላ አትለፈው፤ በአልትራሳውንድ የሽፋኑ ውፍረት ይለካል፤ ከ4 ሚሊ ሜትር በላይ ከሆነ ናሙና ይወሰዳል።